የገለታን ጊታር የሸጥሁ ጊዜ

ጊታሩን የሸጥሁት ባለፈው ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ ለቆ፣ የዳንግላ ጭቃ ደርቆ፣ የጋሪ ፈረሶች እንደ ልብ መሮጥ የጀመሩ ሰሞን። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ ይጠይቀኛል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይጠይቁኛል፣ ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ እንኳ አንዷ ጠጋ ብላ "እትዬ ይታይሽ፣ ያን ጊታር እውነት ሸጡት?" ትለኛለች። "አዎ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ቁርጥማት ነው" ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ቆዳ ናቸው፤ የሻይ ብርጭቆ ካላሞቃቸው አይታጠፉም። ግን የጣት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ እኔ እስክሞት መቆየት ይችል ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ለመናገር ደግሞ ከሩቅ መጀመር አለብኝ።

መጀመሪያ የነካካኝ ሽታ ነው። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው መታጠፊያ አሁን የቤት ዕቃ የሚሠሩ ጎረምሶች አሉ። የሚሠሩት ቁም ሣጥን ሁሉ ከእንጨት ዱቄት ተጨፍልቆ ከወጣ ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ሲቆረጥ የሚሸተው ኮላ ኮላ ብቻ ነው። ሁልጊዜ በዚያ አልፋለሁ፤ አፍንጫዬም ለምዶት ምንም አይለኝም። የዚያን ዕለት ግን አንዱ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ወራጅ አግኝቶ በመላጊያ ይልጋል። ሽታው መንገዱን ተሻግሮ መጣና ያዘኝ። ቆምሁ። ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋብኝ፤ ሹፌሩ "እማማ፣ ይለፉ እንጂ!" አለኝ፤ እግሬ እሺ አላለም። ቤቴ ስገባ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ጊታሩን ከግድግዳው አንሥቼ፣ በሆዱ ቀዳዳ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትሁት። ያው የጽድ ሽታ ነበር፤ ግን ደክሟል። አቧራ አፍኖታል። ጣቴን በሆዱ ላይ ሳስኬድ ደግሞ፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። እንጨት ዝም ሲባል እንዲህ ይሆናል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጊታሩን እንደ ልጅ ታቅፌ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

ዳንግላ ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ የአውራጃው ዋና ከተማ ነበረች። እኔ የአዘና ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከአክስቴ ቤት ተጠግቼ ለመማር ነበር የመጣሁት። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በዐሥራ አምስት ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ቁርሱን በልቶ ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ ይሄዳል። ስኳር ግን በቀበሌ ሱቅ በራሽን ስለነበር ሻዩ ሁልጊዜ ስኳር አይኖረውም፤ ከረሜላ በጉንጭ ይዘን የምንጠጣበት ጊዜ ነበር። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ይለብሳሉ፤ አፍሮአቸውን አበጥረው ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሳቸው ይሰኩታል፣ ጫፉ እንዲታይ። እኛ ሴቶቹ በቄንጥ የታጠፈ ቀሚስና ኮንጎ ጫማ ነበረን፤ ኮንጎው በፀሐይ እግር ያቃጥላል፣ በዝናብ ያንሸራትታል፣ እኛ ግን በየማታው በሳሙና አጥበን አልጋ ሥር እናሳድረው ነበር። ከፖስታ ቤቱ ማዶ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ የመኪናቸው ድምፅ ከቀበሌው ጣሪያ ላይ ከሚጮኸው የድምፅ ማጉያ ጋር ይቀላቀላል። ማጉያው ጠዋት ዜና፣ ቀን ስብሰባ፣ ማታ ዘፈን ነበር። ዘፈኑን ስንሰማ ስብሰባውን እንረሳዋለን።

እያንዳንዱ ቀበሌ የኪነት ቡድን ነበረው። እኔን የመረጡኝ ድምፄ ከተማሪዎቹ በላይ ስለሚሰማ ነው፤ "ያቺ የአዘናዋ" ብለው ከሰልፍ መካከል አወጡኝ። ካኪ አለበሱን፤ አንገታችን ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩልን። ከበሮ፣ ማሲንቆ፣ አንድ አኮርዲዮንና አንድ ጊታር ነበረን። ጊታር መምታቱን ያስተማረን የሙዚቃ መምህር ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ጊታሩ እኔ እጅ ቀረ። ሴት ልጅ ጊታር ስትመታ አይቶ የማያውቅ ሰው መድረክ ሥር መጥቶ ጣቶቼን ነበር የሚያየው። ታዲያ አንድ ጊዜ ጥሊሊ ለበዓል ተጠርተን በጭነት መኪና ስንሄድ፣ መኪናው ሲነጥር ጊታሩ ወደቀና የኋላው ጎማ ወጣበት። አለቀስሁ። የቡድኑ መሪ "የመንግሥት ንብረት ነው፤ ወደ አናጢ ውሰጂው" አለኝ።

አናጢው ገለታ ነበር። ከወለጋ በኩል የመጣ፣ እዚያ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ሙያ የተማረ፣ ዳንግላ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ሰው። ቀጭን ነበር፤ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ አለ። ጴንጤ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ስብርባሪውን በከረጢት ይዤ ስገባ አንድ በአንድ ባንኮው ላይ ደረደረው፤ ረጅም ጊዜ አየው።

"ይድናል?" አልሁት።

"ይሄ ሞቷል" አለኝ። ደግሞም፣ "ግን አልቅበሪው፤ እኔ ጋ ተይልኝ። ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ማየት እፈልጋለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርሁ። መጀመሪያ ስለ ጊታሩ ለመጠየቅ ነበር፤ በኋላ ግን የምጠይቀው ጠፋኝና ዝም ብዬ መቆም ሆነ። ለሆዱ ያረጀ ጽድ፣ ለጀርባውና ለጎኑ ዋንዛ፣ ክር ለሚጫንበት አንገት ጥቁር እንጨት መረጠ። ዋንዛውን ስስ አድርጎ ልጎ፣ በውኃ ዘፍዝፎ፣ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ ቀስ እያለ ሲያጎብጠው አይቻለሁ፤ እንጨቱ እንደ ተቆጣ ሰው ይንጣጣል፤ እሱ እንደ ማባበል ያለ ነገር በኦሮምኛ ያጉተመትማል። ስንቱን ሰበረ! ሲሰበር አይናደድም፤ ፈገግ ብሎ ሌላ ያነሣል። መቃኛዎቹን ከሞተው ጊታር ወሰደ። ቀጫጭኖቹን ክሮች ግን የትም አላገኘንም፤ በመጨረሻ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሹፌር ከዓሣ አጥማጆች ናይለን አመጣልን። ወፍራሞቹን ያው ሹፌር ከአዲስ አበባ አስላከ። የመጀመሪያው ክር ተወጥሮ ሲመታ ገለታ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ፤ ተነሥቶም ወደ ውጭ ወጣ። ተከተልሁት፤ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። "አቧራ ነው" አለኝ።

"ኪነቶቹ ደስ ይላቸዋል" አልሁት።

"ለኪነት አይደለም። ያንቺ ነው።"

የዚያ ዘመን ሰው "እወድሻለሁ" አይልም ነበር፤ ቢልም አፉ አይለምደውም። ጊታሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ወደ አክስቴ ቤት ስሄድ ግን ኮንጎ ጫማዬ መሬት የነካ አይመስለኝም ነበር።

ገለታ አዘና ወደ አባቴ ሽማግሌ ላከ። አባቴ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር፤ ዳማው የሚባል ፈረስ ነበረው፣ በበዓል ቀን ዝርዝር የተባለውን የፈረስ ጌጥ ለብሶ ሲወጣ ሰው ሥራውን ትቶ የሚያየው። ሽማግሌዎቹ ጊታሩንም ይዘው ሄዱ፤ ይህን ያደረጉት ሙያውን እንዲያይ ብለው ነው። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

"መሬት አለው?" አለ አባቴ።

"የለውም።"

"በሬ?"

"የለውም።"

"ታዲያ ልጄን ምን ላይ ሊያስቀምጣት ነው?"

"ወንበር ይሠራላታል" አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌሎቹ ሳቁ፤ አባቴ ግን አልሳቀም። ጊታሩን ተቀብሎ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው፤ አናቱን ወደ ታች ገልብጦ ነቀነቀው። "ቀፎ ነው?" አለ።

"ጊታር ነው። ይዘፈንበታል።"

"ቀፎስ ማር ይሰጣል" አለና መለሰላቸው። ሃይማኖቱም አገሩም ሌላ የሆነ፣ እርፍ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ልጄን አያገባም ብሎ ሽማግሌዎቹን በጠላ ሸኛቸው። እኔም በማግስቱ ዳንግላ ተመለስሁ፤ ከገለታ ጋር ቀበሌ ሄደን ፈረምን። የለበስሁት ያንኑ በቄንጥ የታጠፈ ቀሚስ ነበር። ከቤተሰቤ ወገን አክስቴ ብቻ መጣች። ከዚያ በኋላ አባቴና እኔ ገበያ ላይ ብንተያይ እንኳ እሱ ዳማውን ወደ ሌላ በኩል ያዞረዋል።

የገለታ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከወለጋ የመጡ፣ ከጎንደር የመጡ፣ እዚሁ የተወለዱ፤ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ። ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ እህል ይከማችበታል። ስለዚህ የሚዘምሩት በገለታ ሥራ ቤት ነበር፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ዘዴው ቀላል ነው፦ አንዱ መጋዝ ይስባል፣ አንዱ ይልጋል፣ አንዱ መዶሻ ይመታል፤ እኛ በመካከል እንዘምራለን። መጋዙ ሲያቆም መዝሙሩም ያቆማል። እስካሁን መዝሙር ስሰማ ከበስተጀርባው መጋዝ የጎደለ ይመስለኛል። እኔም በበዓል ቀን ካኪዬን ለብሼ አደባባይ ላይ ስለ ትግል በዘፈንሁበት ጊታር፣ በሌላው ቀን እዚያ ሰጋቱራ ላይ ተቀምጬ ስለ እግዚአብሔር እዘምር ነበር። ጊታሩ ልዩነት ያየ አይመስለኝም፤ ሁለቱንም አሳምሮ ይጫወት ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ መጋዙ እየተሳበ፣ "በደጋው ብርድ መከታዬ፣ ካንተ ሌላ የለኝ ጌታዬ" የምትል፣ አስተማሪው ራሱ የደረሳትን መዝሙር ይዘን ሳለን፣ በሩ ተከፈተ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፤ ለቢሮው አግዳሚ ወንበር ሊያዝ መጥቶ ነው። መጋዙ ቆመ። ሁላችንም ቆምን። የልብስ ሰፊው ሚስት ፊት አመድ መሰለ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ "የኪነት ልምምድ ነው፣ ጓድ። ሠርቶ አደሩን አሰባስበን አዲስ ዘፈን እያወጣን ነው" አልሁት።

"እስኪ ልስማው።"

ጊታሩን ጉልበቴ ላይ አስተካከልሁ። ዜማውን ጀመርሁና፣ "በደጋው ብርድ መከታዬ፣ ሰፊው ሕዝብ ነው ጌታዬ" ብዬ ዘፈንሁ። ሌሎቹም ተቀበሉ፤ ያኔ እንደተቀበሉት መዝሙር ዕድሜዬን ሙሉ አልሰማሁም። ሊቀ መንበሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዜማው ጥሩ ነው" አለ። "ግን 'ጌታዬ' የሚለው የፊውዳል ቃል ነው። አንሡት።"

"እናነሣዋለን፣ ጓድ" አለ አስተማሪው።

አግዳሚውን አዝዞ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ገለታ ራሱ መጋዙን አንሥቶ ይስብ ጀመር፤ ከሥሩ ግን እንጨት አልነበረም። አየር ነበር የሚቆርጠው። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁላችን፤ ሳቁ ደግሞ ሳናውቀው ልቅሶ ሆነ።

እንዲያም ሆኖ ቀኑ አልቀረም። ማን እንደተናገረ አላወቅንም፤ ገለታ ለማወቅም አልፈለገም። አንድ ጠዋት መጥተው እሱንና አስተማሪውን ከሥራ ቤቱ ወሰዷቸው፤ የሠራው ወንበር እግሩ ገና አልተገጠመም ነበር። ልጄ ሰናይት ጡት ላይ ናት። መጀመሪያ እዚሁ ዳንግላ ነበር የታሰረው፤ ምሳ አደርስለት ነበር። በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ተወሰደ ተባለ። ለመንገዱም፣ እዚያ ለማደሪያውም፣ ለስንቁም የሚሆን ነገር በቤቴ አልነበረም። የገለታን መላጊያና መጋዝ ብሸጥ በምን ሊሠራ ነው? የቀረኝ ጊታሩ ነው። ኮሶበር፣ ዛሬ እንጅባራ በሚሏት ከተማ፣ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር፤ በበዓል ስመታ አይቶ "ይህን የምትሸጪ ዕለት እኔን አስቢኝ" ብሎኝ ያውቃል። ልጄን ለአክስቴ ትቼ፣ ጊታሩን በጋቢ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ሄድሁ።

ኮሶበር በገበያ ቀን ጭጋጉ እስኪገፈፍ ሰውና ፈረስ አይለይም። የቀርከሃ ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶችን እያለፍሁ በፈረስ ገበያው ጥግ ስሄድ፣ አንድ ፈረስ ከፊቴ ቆመ። ቀና ስል አባቴ ነው። ዳማው ላይ ተቀምጧል። እንደ ወትሮው ያዞረዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላዞረም። አባቴ ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲያዝን በአገውኛ ነበር የሚናገር። የዚያን ዕለት በአገውኛ ነው የጠየቀኝ።

"ባልሽ የት ነው?"

"ማርቆስ ወሰዱት።"

"በምን?"

"በመዘመር።"

ከፈረሱ ወረደ። "ሰው በመዘመር ይታሰራል?"

"ታሰረ እኮ፣ አባዬ።"

የያዝሁትን ጋቢ አየ። በውስጡ ያለውን ዐወቀ፤ አንዴ አገላብጦ አይቶት የለ። "ልትሸጪው ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሲመጣ ምን ልትይው ነው?"

ይህን ስሰማ እዚያው ገበያ መካከል ቁጢጥ አልሁ። ገለታ ከተወሰደ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያጽናናኝ "እግዜር ያውቃል" ነው የሚለኝ፤ ቢደፍር "ከመጣ" ይለኛል። "ሲመጣ" ያለኝ ሰው አባቴ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ስሙን ጠርቶት የማያውቅ አባቴ። አለቀስሁ። ከዚያ "እዚህ ጠብቂኝ" ብሎ ዳማውን እየሳበ ወደ ገበያው ገባ። ውኃ ሊያጠጣው መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሟል፤ ፈረሱ የለም። በነጠላዬ ጫፍ ብሩን ቋጠረልኝ።

"አባዬ፣ ዳማውን?" አልሁ።

"ፈረስ ገበያውን ሞልቶታል። ያ አናጢ ግን ይህን አንድ ጊዜ ነው የሠራው" አለኝ። "ሂጂ። መኪናው እንዳያመልጥሽ።"

ዘወር ብዬ ሳይ፣ ፈረሰኞች በአዘና መንገድ እያለፉት ነበር። እሱ ኮርቻውን በትከሻው አድርጎ በእግሩ ይሄዳል። አንዱ ፈረሱን ገትቶ ጠየቀው፤ ምን እንደመለሰለት ግን አልሰማሁም። አገራችን ሰው በፈረሱ የሚጠራበት አገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አባቴ የዚያን ዕለት ምን እንዳደረገ አይገባውም።

ማርቆስ ሄድሁ። በእስር ቤቱ ሽቦ በኩል አባቴ ያደረገውን ለገለታ ነገርሁት። ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደገፈ። ከብዙ ወራት በኋላ፣ የአንገቱ አጥንት ወጥቶ፣ ሲለቀቅ፣ ቤቱ ሁለት ሌሊት አደረና በእግሩ አዘና ሄደ። አባቴን ደጅ ተቀምጦ አገኘው። ሁለቱም ንግግር የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ እንዴት ሊታረቁ ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። አባቴ ሰላምታውን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ "አናጢው፣ የቤቴ በር ተበላሽቷል" አለው አሉ። ገለታ ሳምንቱን እዚያው ሰንብቶ በር ሠራለት። ያ በር ዛሬም አለ፤ ወንድሜ ልጆቹን የዳረው በዚያ በር ነው። ኋላም ገለታ ገንዘብ ሲያገኝ አንድ ፈረስ ገዝቶ ወሰደለት። እንደ ዳማው አይሆንም፤ አባቴ ግን እስኪሞት "የአናጢው ፈረስ" እያለ ሲቀመጥበት ኖረ።

ያ መንግሥት ሄደ፤ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። ጊታሩ ያለ መጋዝ ድምፁ ሲሰማ እኔ ራሴ ደነገጥሁ፤ ለካ እንዲህ ሰፊ ድምፅ ነበረው። ብዙ ዓመት እሑድ እሑድ መታሁት። በኋላ ኪቦርድ መጣ፣ ማጉያ መጣ፣ ልጆቹ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጊታር ገዙ። ማንም ሂጂ አላለኝም፤ ግን የኔ እዚያ መካከል አይሰማም። ቤት እመታው ነበር፣ ገለታ አልጋው ላይ ሆኖ እየሰማ። እሱ ሲሞት ሰቀልሁት። ከዚያ በኋላ ያወረድሁት ያ የጽድ ሽታ የመጣ ዕለት ነው።

ልሸጠው ነው ስል፣ እንጅባራ ነርስ የሆነችው ሰናይት ስልክ ላይ ጮኸችብኝ። "እማዬ፣ የአባቴን እጅ ነው እኮ የምትሸጪው!"

"የአባትሽ እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም" አልኋት። "እዚህ ግድግዳ ላይ ግን ሥራ ፈትቷል።"

"እኔ ጋ ይምጣ በቃ። እኔ እሰቅለዋለሁ።"

"መስቀሉንማ እኔም ችያለሁ።"

ዘጋችብኝ። አንድ ባለ ሆቴልም ሰምቶ መጣ፤ ከመጠጥ መደርደሪያው በላይ ላድርገው፣ እንግዳ ፎቶ ይነሣበታል አለ። በሻይ ሸኘሁት። በመጨረሻ የመጣው ኤፍሬም ነው፤ ባሕር ዳር አንድ ክፍል ተከራይቶ ጊታር የሚያስተምር፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ ዝግ ያለ ሰው። በሚኒባስ መጥቶ፣ በባጃጅ ደጄ ደረሰ። ጊታሩን ሲቀበለኝ መጀመሪያ እጁን በሱሪው ጠረገ። ያን አይቼ ልቤ ትንሽ ረጋ። ስንጥቁን አየ፤ አንገቱን በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየ፤ ቃኘው። ሲመታው እኔ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከውጭ መስማት ፈለግሁ።

ስመለስ፣ "ምን ልታደርገው ነው?" አልሁት።

"እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ? ስንጥቁን አስጠግናለሁ። ከዚያ ተማሪዎች ይነኩታል። ይቧጥጡታል፣ አንዳንዴም ያጋጩታል። እጠነቀቃለሁ፤ ግን ቆልፌ አላስቀምጠውም።"

ባለ ሆቴሉ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ ብሎኝ ነበር። ይህ ሰው ይቧጠጣል አለኝ። ለዚህኛው ሰጠሁት። ዋጋውን አልናገርም፤ የጠየቅሁትን ከፈለኝ፣ አልተከራከረኝም። ሊሄድ ሲል ግን "አንድ ጊዜ ይምቱት" ብሎ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ፤ ከዚያች የአስተማሪው መዝሙር ግማሹን ብቻ አወጣሁ፣ እሱም ተሳስቶ። ኤፍሬም የጎደለውን አልሞላልኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀ። ለዚህም አመሰገንሁት። ባጃጁ ሲሄድ ጊታሩ እንደ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ቤት ገባሁና ጋደም አልሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ከቀብር መልስ እንደሚወስደው ያለ ከባድ እንቅልፍ።

ሰናይት በሳምንቱ መጣች። ባዶውን ግድግዳ አየች፤ ያልቆሸሸ ዕቃ ሁሉ አውጥታ አጠበች። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልታረቀችኝም። ልጅ ናት፤ አባቷ ነው፤ አልፈርድባትም።

ባለፈው ወር ኤፍሬም ደወለልኝ። ስልኩ ይጮኻል እንጂ ቤቴ ውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ መንገዱ ዳር ካለው የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ሲቆሙ ነው የሚሰማ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ጠጋኙ ስንጥቁን ዘግቶታል፤ አንዲት ተማሪ በመጪው በዓል ሕዝብ ፊት ልትመታበት ነው። "እማማ" አለኝ፣ "ሰው ሁሉ ማን ሠራው እያለ ይጠይቀኛል። ውስጡን በመስታወት አየሁት፤ ምንም ስም የለውም። የሠሪውን ስም ልጻፍበት ብዬ ነው።"

እውነቱን ነው። ገለታ ምንም ነገር ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም። በዚያ ዘመን ስም የሚደበቅ እንጂ የሚጻፍ አልነበረም።

"ገለታ ጉርሜሳ" አልሁት።

"አልሰማሁዎትም፣ ይቆራረጣል፤ ጮክ ይበሉ!"

"ገለታ!" አልሁ። "ገለታ ጉርሜሳ!" ከሞተ ጀምሮ ስሙን እንዲህ ጠርቼው አላውቅም። ከጉቶው ላይ ሆኜ፣ እጄን በአፌ ዙሪያ አድርጌ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮህሁ። "ገለታ ጉርሜሳ! አናጢ! የዳንግላ!"

"አሁን ሰማሁ!" አለኝ ኤፍሬም፤ ስልኩም ተቋረጠ።

ባዶ ጋሪ እየነዳ የሚያልፍ አንድ ባለጋሪ ፈረሱን ገትቶ ቀና ብሎ ያየኛል። "እማማ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?" አለኝ።

"ባሌን።"

ወደ ግቢው በኩል አማተረ። "የሚሳፈር ከሆነ ልጠብቀው?"

"የለም፣ ሂድ ልጄ" አልሁት፤ ከጉቶውም ቀስ ብዬ ወረድሁ። "እሱ ባሕር ዳር ደርሷል።"